«ያልተካሄደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አዘጋጂ ተባልኩ»

የአንባቢ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 29 ነው። በሕግ ተመርቄ ትንሽ ጊዜ ደሴ አንድ ጠበቃ ዘንድ ረዳት ሆኜ ከሠራሁ በኋላ፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት እዚሁ ኮምቦልቻ በአንድ የግል የልብስ ስፌት ፋብሪካ በነገረ ፈጅነት እየሠራሁ ነው። በወረቀት ላይ መጠሪያዬ «የሕግ አገልግሎት ኃላፊ» ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። የባንክ ብድር ውሉም፣ የጉምሩክ ደብዳቤውም፣ የግብር አቤቱታውም፣ የፍርድ ቤት ክርክሩም እኔው ጋ ነው። በሙያዬ የማማክረው ሰው በግቢው ውስጥ የለኝም።

የፋብሪካው ባለድርሻዎች ሦስት ናቸው፤ አንደኛው ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ሥራውን ያገኘሁት በአጎቴ በኩል ነው፤ እሱና ሥራ አስኪያጁ ደሴ አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴንና ዩኒቨርሲቲ ያለውን ወንድሜን የማግዘው በዚሁ ደመወዝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትእዛዝ ቀነሰብንና ከ240 ሠራተኞች 41 በሁለት ሳምንት ውስጥ ተቀነሱ። እኔ ያን ሰሞን ለይግባኝ ክርክር ደሴ እመላለስ ስለነበር ጉዳዩን የሰማሁት ደብዳቤው ከታደለ በኋላ ነው። ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተደረገ ስብሰባ የለም። ማስጠንቀቂያ አልተሰጠም። የተከፈላቸው የሠሩበት ደመወዝ ብቻ ነው። አሁን 33ቱ ተባብረው ከሰውናል።

ባለፈው ሐሙስ ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝና፣ «ከቅነሳው በፊት ከማኅበሩ ጋር መመካከራችንን የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ አዘጋጂ። ቀኑን ከደብዳቤዎቹ በፊት አድርጊው። ሊቀ መንበሩ ይፈርማል፤ አንቺ በጸሐፊነት ትፈርሚያለሽ» አሉኝ። ዝም ስል ጊዜ፣ «ይሄ የወረቀት ጉዳይ ነው፤ ወረቀት ጎደለ ተብሎ ፋብሪካ ይዘጋ?» አሉ። ሊቀ መንበሩ ከቅነሳው ተርፏል። ስብሰባ ተደረገ ሊባል በታሰበበት ቀን ደግሞ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበር፤ ቅጹ ሰው ኃይል ክፍል ተቀምጧል።

ክፉ ሰው ናቸው ብል ግፍ ይሆንብኛል። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ፋብሪካው ሲዘረፍ፣ ቤታቸውን አስይዘው ተበድረው ሥራውን ያስነሱት እሳቸው ናቸው። አባቴ ሲያርፍም ከማንም በፊት ደጃችን የቆሙት እሳቸው ነበሩ።

በሌላ በኩል ከተቀነሱት አንዷ ከእናቴ ጋር በአንድ ቅሬ (እድር) ናት። እሑድ ለት ቤታችን ቡና ልትጠጣ መጥታ፣ «አንቺ ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ ምን ይሻለናል ልጄ?» አለችኝ። የምመልሰው ጠፍቶኝ ጓዳ ገባሁ።

የመከላከያ መልስ ለማስገባት ሁለት ሳምንት ቀርቶናል። ልፈርም? ሥራዬን ልልቀቅ? ወይስ ለሴቶቹ በስውር እውነቱን ልንገራቸው? እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።

ግራ የገባኝ፣ ከኮምቦልቻ


መልስ

አብሽሪ እህቴ። በመጀመሪያ፣ ብቻሽን ሆነሽ ይህን ሁሉ ስትሸከሚ ስለቆየሽ አዝናለሁ። ሐኪም ሐኪም ያማክራል፣ ዳኛም ከችሎት ሲወጣ የሥራ ባልደረባ አለው። የአንድ ፋብሪካ ብቸኛ ነገረ ፈጅ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ጥያቄ ስትመልስ ውላ፣ የራሷን ጥያቄ ይዛ ወደ ቤቷ ትገባለች። የጻፍሽልኝ ነገር የሙያ ብቻ ሳይሆን የእናትሽ፣ የአጎትሽ፣ የቅሬሽም ጉዳይ ነው። እንቅልፍ ማጣትሽ አይገርመኝም።

ሁለት ሳምንት ብቻ ስለቀረሽ ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገርሽ። አትፈርሚ። ግን ነገ ተነስተሽ ሥራሽን አትልቀቂ፤ ለሴቶቹም በስውር አትንገሪ። ከሦስቱ ጥያቄዎችሽ ውጭ አራተኛ መንገድ ያለ ይመስለኛል፤ ለፋብሪካውም፣ ለሥራ አስኪያጁም፣ ለተቀነሱትም የሚሻለው እሱ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ረጋ ብለሽ አስቢው። በእርግጥ ምንም ንግግር አልነበረም? «ስብሰባ የለም» ብለሻል፤ አምንሻለሁ። ነገር ግን አንቺ ያኔ ደሴ ነበርሽ። ሥራ አስኪያጁ ሊቀ መንበሩን ወይም ከኮሚቴው አንዱን ቢሮ ጠርተው፣ «ትእዛዝ ቀንሷል፣ ሰው ልንቀንስ ነው» ብለው ይሆን? በስልክ ተነጋግረው ይሆን? መልእክት ተለዋውጠው ይሆን? ይህን ሳትጠይቂ ወደ ክርክር አትግቢ፤ ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቂያቸው። እንዲህ ያለ ንግግር ኖሮ ከሆነ፣ የዛሬን ቀን ጽፈሽ፣ «በዚህ ዕለት እገሌና እገሌ ስለዚህ ጉዳይ በቃል ተነጋግረው እንደነበር ሁለቱም ገልጸዋል» የሚል ማስታወሻ ማዘጋጀት ትችያለሽ። ቀኑ የዛሬ ነው፣ ይዘቱ የሆነው ነገር ነው፣ የሚፈርሙትም ተናጋሪዎቹ ናቸው። ደካማ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ «ይህ ምክክር አይባልም» ሊልም ይችላል። ግን እውነት ነው፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ፊት ይዘሽው ትቆሚያለሽ። ከአንቺ የተጠየቀው ግን ያልሆነን ነገር እንደሆነ አድርጎ፣ ቀኑን ወደ ኋላ መልሶ መጻፍ ነው። ሥራ አስኪያጁም በድንጋጤ ውስጥ ሆነው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሳያስተውሉት አልቀሩም። ስትነግሪያቸው ከዚህ ልዩነት ብትጀምሪ ጥሩ ነው።

የወንጀል ሕጉ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትንም፣ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቁ መገልገልንም እንደሚቀጣ ታውቂያለሽ። አንቺ ጋ ነገሩ የሚከብደው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። የመከላከያ መልሱ ግርጌ ላይ «ከላይ የተገለጸው ሁሉ በእውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው አለ፤ እሱም አንቺው ነሽ። ያን ዐረፍተ ነገር ብዙዎቻችን እጃችን ስለለመደው ሳናነበው እንፈርማለን፤ በዚህ መዝገብ ላይ ግን እያንዳንዱ ቃል ስለ አንቺ ነው። በቃለ ጉባኤው ላይ ጸሐፊ፣ በመልሱ ላይ አረጋጋጭ፣ በችሎቱ ላይ ተከራካሪ ትሆኛለሽ። ነገ ሊቀ መንበሩ «እኔ ፈርም ስለተባልኩ ፈረምኩ» ቢል የሚቀረው የአንቺ ፊርማ ነው። እሱ ደግሞ መሐላ ፈጽሞ የሚመሰክርበት ቀን ይመጣል፤ ከከሳሾቹ ጋር በአንድ ሠፈር ይኖራል፣ በአንድ ለቅሶ ይገናኛል። ያን ምስጢር ተሸክሞ ይዘልቃል ብለሽ ታምኛለሽ?

ሥራ አስኪያጁ «የወረቀት ጉዳይ ነው» ያሉሽን ግን በንቀት አልፌ ልሄድ አልፈልግም። የኮምቦልቻን ፋብሪካ ከውድመት ያስነሳ ሰው፣ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል፣ ስትወጣ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፋ ልብስ ምን እንደደረሰበት ያየ ሰው፣ ክስ ሲመጣበት ሕጉ በላዩ ላይ የተደራረበ ግድግዳ ሊመስለው ይችላል። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው እንጂ ፍርሃቱ የፈጠራ አይደለም። ስለዚህ ያንቺ ሥራ «አይሆንም» ማለት ብቻ ሳይሆን፣ ያለ ሐሰቱ ወረቀት ፋብሪካው እንዴት እንደሚቆም ማሳየት ነው። ደግሞ ማሳየት ይቻላል።

እስቲ አብረን እንየው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለምርትሽ ፈላጊ ሲቀንስ ሠራተኛ መቀነስን አይከለክልም። ምክንያታችሁ ሕጋዊ ነው። የተሰረዙት ትእዛዞች፣ ከገዢ ጋር የተጻጻፋችሁት፣ የማምረቻ መዝገቡ እውነተኛ ማስረጃዎቻችሁ ናቸው። ከ240 ሠራተኞች 41 መቀነስ ግን ከ10 በመቶ በላይ ስለሆነ በአንቀጽ 29 የተቀመጠውን የቅነሳ ሥርዓት ይጠይቃል። ከማኅበሩ ጋር መመካከር፣ ችሎታና ምርታማነት ያላቸውን ማስቀደም፣ እኩል ሲሆኑ ደግሞ ሕጉ የደረደረውን ቅደም ተከተል መጠበቅ አለ፤ ነፍሰ ጡሮችና በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ቅነሳው በመጨረሻ የሚነካቸው ናቸው። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለ። ክፍያው በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም ነበረበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የእናንተ ቅነሳ ምክንያቱ ሳይሆን አካሄዱ ነው የተፈታባችሁ።

አሁን ለሥራ አስኪያጁ በወረቀት ላይ የምታሳዪያቸውን ስሌት ልሥራልሽ። በወር 3,000 ብር የምታገኝ፣ አራት ዓመት የሠራች አንዲት ሰፊ እንውሰድ፤ ለአቆጣጠር እንዲመች የቀን ደመወዟ 100 ብር ይሁን። በሥርዓቱ ብትቀነስ ኖሮ የስንብት ክፍያዋ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ የዚያ ሲሶ፣ በድምሩ የ60 ቀን ማለትም 6,000 ብር ነው። ቅነሳ በመሆኑ ተጨማሪ የ60 ቀን፣ 6,000 ብር ይታከላል። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ደግሞ 6,000 ብር ነው። ሁሉም 18,000 ብር። ፍርድ ቤቱ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ካለና ወደ ሥራ ካልመለሳት ግን ካሳው የቀን ደመወዟ በ180 ተባዝቶ 18,000 ብር፣ የማስጠንቀቂያው 6,000፣ የስንብቱ 6,000፣ በአጠቃላይ 30,000 ብር ይሆናል። ለክፍያ መዘግየት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊጨመርበት ይችላል፤ እሱም 9,000 ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በዪ። ቃለ ጉባኤው ቢሠራ እንኳ የሚሸፍነው ምክክሩን ብቻ ነው። ያልተሰጠውን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፣ ያልተከፈለውን ስንብት አይከፍልም፣ መዘግየቱንም አያጠፋም። 18,000ው በየትኛውም መንገድ ዕዳ ነው። እንግዲህ ሥራ አስኪያጁ ነፃነታቸውን፣ ያንቺን ሙያና የድርጅቱን ስም የሚያስይዙት በአንድ ሠራተኛ ለ12,000 ብር ልዩነት ነው ማለት ነው። ሐሰቱ ከተገለጠ ደግሞ፣ ያ እውነተኛ የነበረው የትእዛዝ መቀነስ ማስረጃችሁ ሁሉ በዳኛው ፊት ይጠረጠራል። ሕጋዊ ሰውነት ያለው ድርጅት ራሱም በወንጀል ሊጠየቅ እንደሚችል የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 34ን አስታውሻቸው። የእያንዳንዱን ከሳሽ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ ከሰው ኃይል ክፍል ወስደሽ የ33ቱንም በሠንጠረዥ አዘጋጂ። ነጋዴ ሰው ናቸው፤ አንቀጽ ከምትጠቅሽላቸው ይልቅ ሠንጠረዡን ፈጥነው ያነቡታል።

ከሠንጠረዡ ቀጥሎ የድርድር ሐሳብ አስቀምጪ። ሕጋዊው ክፍያ በስምምነት በክፍል በክፍል ይከፈል፤ ትእዛዝ ሲመለስ እነዚህ ሠራተኞች ቅድሚያ ይጠሩ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃቸው ሳይንገላቱ ይሰጣቸው። ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ ሊቀነሱ የማይገባቸው ካሉ፣ ለምሳሌ ነፍሰ ጡር የሆነች ካለች፣ ፍርድ ሳይጠበቅ ወደ ሥራ ትመለስ። ስምምነት ላይ ከተደረሰ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ሊጸድቅ ይችላል። ከሳሾቹ ሁሉ ባይስማሙም የመከላከያ መልሳችሁ በእውነት ላይ ይቆማል፤ «ምክንያታችን ይህ ነው፣ ማስረጃችን ይኸው፣ በአካሄዱ የጎደለውን ለማረም ይህን አቅርበናል» ትያላችሁ። በእኔ እምነት የሥራ ክርክር የሚያዩ ዳኞች ይህን ዓይነት መልስ ያከብሩታል።

አነጋገርሽን በተመለከተ፣ ሰው በሌለበት፣ ማለዳ ላይ፣ ሌላ ጉዳይ ሳይደርብባቸው ግቢ። «እምቢ» በሚል ቃል አትጀምሪ። ለምሳሌ እንዲህ ልትያቸው ትችያለሽ፦ «ጋሼ፣ ሐሙስ ያሉኝን ሳስብበት ከረምኩ። ያን ወረቀት ባዘጋጅ እርስዎንም ፋብሪካውንም አስሬ ነው የምሰጠው። እርስዎ ላደረጉልኝ ሁሉ ይህን ልመልስልዎት አልችልም። ሌላ መንገድ ሠርቼ መጥቻለሁ፤ አሥር ደቂቃ ይስጡኝ።» ከዚያ ሠንጠረዡን አውጪ። ቢቆጡ አትከራከሪ፤ ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ትተሽ፣ «ነገ ጠዋት ልመለስ» ብለሽ ውጪ። ሰው በመጀመሪያው ቀን የተቆጣበትን ነገር በሁለተኛው ቀን ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይን ይዞ ያየዋል።

ከንግግሩ በኋላ በዚያው ቀን የሕግ አስተያየትሽን በጽሑፍ አቅርቢ። አጭርና ጨዋ ይሁን፤ ማንንም አይክሰስ። ምክክር ስለመደረጉ የተያዘ ሰነድ እንደሌለ፣ ቀኑ ወደ ኋላ የተመለሰ ሰነድ ማቅረብ የሚያስከትለውን ኃላፊነት፣ የምትመክሪውንም መፍትሔ ይጥቀስ። ወጪ ቁጥርና ቀን አሰጪው፤ አንዱ ቅጂ በሕግ ክፍሉ ፋይል ይቀመጥ። የድርጅቱን ሰነዶች ግን ፎቶ እያነሳሽ ወደ ቤት አትውሰጂ። የተጻፈው አስተያየትሽ ራሱ ይበቃሻል።

ባይቀበሉስ? ያኔ ደንበኛሽ ማን እንደሆነ ማሰብ አለብሽ። ደመወዝሽን የሚፈርሙት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ የምትወክዪው ግን ድርጅቱን ነው፣ ድርጅቱ ደግሞ ሌሎች ሁለት ባለድርሻዎች አሉት። እነሱ ስለዚህ ነገር የሚያውቁ ይመስልሻል? ለሥራ አስኪያጁ፣ «ጉዳዩ ለሦስታችሁም ቀርቦ ይወሰን፤ እርስዎ ራስዎ ቢያቀርቡት እመርጣለሁ» በያቸው። ከጀርባቸው ከመሄድሽ በፊት ይህን ዕድል መስጠት ውለታቸውንም ማክበር ነው። እንዲሁም የውጭ ጠበቃ ለአንድ ቀን እንዲማከር ሐሳብ አቅርቢ። አንዳንድ አሠሪ የራሱ ነገረ ፈጅ ስትነግረው ያልሰማውን ቃል፣ ክፍያ የከፈለበት ጠበቃ ሲደግመው ይሰማል። ይህ ቢያሳዝንሽም አትቀየሚ።

ሌላ ሰው አዘጋጅቶት «አንቺ አስገቢው ብቻ» ቢሉሽ መልስሽ አይለወጥም፤ ሐሰት መሆኑን ታውቂያለሽና። ያኔ ከዚህ መዝገብ እንድትነሺ በጽሑፍ ጠይቂ። እሱም ካልተቻለ ነው መልቀቅ የሚመጣው። ለዚያ ቀን ግን ከወዲሁ ተዘጋጂ፤ ምክንያቱም አንድ ብዙ የሙያ አጋሮችሽ የማያስተውሉት ነገር አለ። ቀኑን ሙሉ ለሌላው የምትተነትኚው አዋጅ አንቺን ላይሸፍንሽ ይችላል። አዋጁ የሥራ መሪዎችን ከወሰኑ ያወጣል፤ በትርጉሙም ውስጥ በአስተዳደር ጉዳዮች ላይ በራሱ የማመዛዘን ሥልጣን ለአሠሪው የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ የሕግ አገልግሎት ኃላፊ ተጠቅሷል። ብቻሽን ሆነሽ «ኃላፊ» የሚል መጠሪያ ስለተሰጠሽ ብቻ የሥራ መሪ ነሽ ማለቴ አይደለም፤ የሚወሰነው በምትሠሪው ሥራ ነው። ነገር ግን እንደዚያ ከተባልሽ የሚገዛሽ የፍትሐ ብሔር ሕጉና ውልሽ ነው፤ ጥበቃውም ይሳሳል። ስለዚህ ዛሬ ማታ የራስሽን የቅጥር ውል አውጥተሽ አንብቢ። ስለ ማስጠንቀቂያ፣ ስለ ስንብት ምን ይላል? የሥራ መዘርዝርሽስ? ለስንት ወር የሚሆን ቁጠባ አለሽ? ወንድሜ ብለሽ የጠቀስሽው ልጅ ስንት ዓመት ቀረው? እነዚህን መልሶች ከያዝሽ ፍርሃትሽ በመጠኑም ቢሆን ልክ ያገኛል። የትምህርት ማስረጃሽንና የሥራ ልምድሽን አዘጋጂ፤ ደሴም ኮምቦልቻም ያሉ የምታምኛቸውን ጠበቆች፣ ስለ ፋብሪካው ምንም ሳትነግሪ፣ ሥራ እንዳለ ጠይቂ። መጠየቅ መልቀቅ አይደለም።

ወደ እናትሽ የቅሬ ጓደኛ ልምጣ። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ጓዳ የገባሽበት ቦታ ነው። ሴትዮዋ የጠየቀችሽ እንደ ልጇ አይታሽ ነው፤ አንቺ ግን በዚህ ጉዳይ የባላጋራዋ ወኪል ነሽ። በሥራሽ ያወቅሽውን ምስጢር ለእሷ ብታወጪ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሕግ አማካሪንም ይመለከታል፤ እሷንም አይጠቅማትም፣ ክርክሩ በሐሜት ተጀመረ ይባልባታል። ዝም ብለሽ መሸሽ ግን የለብሽም። «እማማ፣ እኔ በዚህ ጉዳይ የድርጅቱ ነገረ ፈጅ ስለሆንኩ ምክር ልሰጥዎት አልችልም፤ ብሰጥዎትም ያጠፋብዎታል። የራስዎ የሕግ ሰው ያስፈልግዎታል» ብለሽ በግልጽ ንገሪያት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ፣ በከተማው የሠራተኛ ጉዳይን የሚከታተለውን መሥሪያ ቤት መጠቆም ነውር የለበትም፤ ይህ ማንም የሚያውቀው አድራሻ እንጂ ምስጢር አይደለም። ለሠራተኛ የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ እንደሌለበትም አደባባይ ያለ ሕግ ነው። ምናልባት ካልከሰሱት ስምንት ሰዎች አንዷ ከሆነች፣ ጊዜው እንደሚያልፍ የሚነግራት ያ የራሷ የሕግ ሰው ነው፤ ወደ ሥራ ለመመለስ ጥያቄ ሦስት ወር፣ ለክፍያ ስድስት ወር ብቻ ስላለ ቶሎ እንድትሄድ ብቻ አደራ በያት። ለእናትሽም እንዲሁ አስረጃት፤ ቤታችሁ ውስጥ ስለዚህ ክስ እንዳይወራ አንቺው ለምኛት።

በእርግጥ ቀጥሎ የምልሽ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚሠራ ነው፤ ግን አሁን ካልተባለ ይረሳል። ይህ ሁሉ የመጣው ደብዳቤው ከመታደሉ በፊት አንቺ ስላላየሽው ነው። ክሱ ሲበርድ፣ የስንብት፣ የቅነሳና የዝውውር ደብዳቤ ሁሉ ሳይወጣ በፊት በሕግ ክፍሉ በኩል እንዲያልፍ የሚያዝ አንድ ገጽ የውስጥ መመሪያ አዘጋጅተሽ አስፈርሚ። ደሴ ችሎት በምትሆኚበት ቀንም በስልክ ይጠይቁሽ። ግብሩ፣ ጉምሩኩ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚሄደው ፍሳሽ፣ የሰዓት መቆጣጠሪያው የጣት አሻራ ከ1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወዲህ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሁሉም ቀን አለው፤ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አስቀምጪና በየወሩ ለሥራ አስኪያጁ አሳዪ። እንዲህ ስታደርጊ የሚጠሩሽ እሳት ሲነሳ ብቻ አይሆንም።

የቀረው አጎትሽ ነው። ይሉኝታው ከሁሉም በላይ እንደሚከብድሽ ከደብዳቤሽ ይነበባል። አጎትሽ ሥራ ሲፈልግልሽ ያሰበው ራስሽን ችለሽ እንድትቆሚ ነው፤ በሐሰት ሰነድ ላይ ፊርማሽን እንድታኖሪ ብሎ እንዳልሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ሥራ አስኪያጁ ደውለው «የእህትህ ልጅ አሳፈረችኝ» ከማለታቸው በፊት አንቺ ቅደሚ። የፋይሉን ነገር ሳታነሺ፣ «ጋሼ፣ በሥራዬ ሕሊናዬ የማይፈቅደው ነገር ገጥሞኝ በአክብሮት እምቢ ልል ነው፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ብዬ ነው» ብለሽ ንገሪው። በስልክ ከሚሆን ቅዳሜ ደሴ ወጥተሽ ፊት ለፊት ብትነግሪው ይሻላል፤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደግሞ ሰኞ ማለዳ ግቢ። ሠንጠረዡን እሑድ ጨርሺው።